የበዓሉ ግርማ ልቦለዶች፦ በውጭ ዘመቻ፣ በውስጥ ሙግት

በደቡብ ወሎ ዞን ከደሴ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ በአገሪቱ ታሪክ ስሙ ጎልቶ የሚነሳው በ1870 ዓ.ም በተካሄደው ታላቅ የሃይማኖት ጉባኤ ምክንያት ነው። በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ሰብሳቢነት፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም በተገኙበት በዚሁ ሥፍራ ሊቃውንት በነገረ ሃይማኖት ከተከራከሩ በኋላ አንደኛው ወገን ሲረታ፣ የተረቱት ትምህርታቸውን እንዲተው ተወስኗል። ከዚሁ ጋር ተያይዞ የወሎ ሙስሊም መሪዎችና ሕዝቡ ክርስትናን እንዲቀበሉ መታዘዙ፣ ኢማም መሐመድ ዓሊም ተጠምቀው ሚካኤል መባላቸው በታሪክ ተመዝግቧል።

በዘመኑ በአገሪቱ የነበሩ የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ከትዕዛዙ በኋላ ቀን ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሌሊት ሙስሊም ሆነው የሚኖሩ ሰዎች እንደነበሩ ጽፈዋል። በአደባባይ የሚነገረውና በልብ የሚያዘው ለየቅል ሲሆን በአንድ ሰው ውስጥ የሚፈጠረውን ጭንቅ ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ይኸው ጭንቅ ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ በአማርኛ ልቦለድ ውስጥ በሌላ መልክ ቀርቧል። በዚህኛው ጉዳዩ ሃይማኖት ሳይሆን ፖለቲካ፣ ሥፍራው ቦሩ ሜዳ ሳይሆን አስመራ፣ ባለታሪኩም ሊቅ ወይም ባላባት ሳይሆን ጋዜጠኛ ነው። በ1975 ዓ.ም ለንባብ የበቃው የበዓሉ ግርማ ‹‹ኦሮማይ›› አንባቢን ከገጽ ወደ ገጽ እያንጠለጠለ የሚወስደው በጦርነትና በስለላ ብቻ ሳይሆን፣ በአፉ የሚናገረውና በልቡ የሚያስበው እየተራራቀበት በሚሄድ ሰው የውስጥ ሙግት ጭምር ነው።

ልብ አንጠልጣይ የሚባሉት ልቦለዶች በአብዛኛው አንድ ጥያቄ ይዘው ይነሳሉ። ማን ገደለ? ሰላዩ ማን ነው? ምስጢሩ በማን እጅ ይገኛል? የሚሉት ጥያቄዎች እስኪመለሱ አንባቢው መጽሐፉን አያስቀምጥም። ሥነ ልቦናዊ የሆኑት ልብ አንጠልጣይ ልቦለዶች ግን ጥያቄውን ከውጭ ወደ ውስጥ ያዞሩታል። ሩሲያዊው ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1866 ባወጣው ‹‹ወንጀልና ቅጣት›› ገዳዩ ማን እንደሆነ አንባቢው ገና ከመጀመሪያው ያውቃል፤ የሚያስጨንቀው ገዳዩ ከገዛ ሕሊናው ጋር እስከ መቼ ተደብቆ ይዘልቃል የሚለው ነው። አሜሪካዊቷ ፓትሪሺያ ሃይስሚዝም በ1955 ባሳተመችው የሚስተር ሪፕሊ ታሪክ አንባቢውን በወንጀለኛው አእምሮ ውስጥ አስቀምጣ፣ ሳያስበው የወንጀለኛው ተባባሪ ሆኖ እንዲጨነቅ አድርጋዋለች።

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ይህን ዘርፍ ብቻ የሙጥኝ ብሎ የጻፈ ደራሲ ነበር ለማለት አያስደፍርም። ይሁንና የልብ አንጠልጣይን ፍጥነትና የሰውን ውስጣዊ ዓለም ፍተሻ በአንድነት አስማምቶ በመጻፍ ረገድ የበዓሉ ግርማን ያህል ሰፊ አንባቢ ያገኘ ደራሲ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዓሉ የተወለደው በቀድሞው ኢሉባቦር ሲሆን፣ አባቱ ከሕንድ አገር የመጡ ነጋዴ፣ እናቱ ደግሞ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በዩኒቨርሲቲ ተምሯል። የሁለተኛ ዲግሪውን ያገኘው በአሜሪካ ከሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ወደ አገሩ ተመልሶ በ‹‹መነን›› እና በ‹‹አዲስ ሪፖርተር›› መጽሔቶች፣ በ‹‹አዲስ ዘመን›› እና በ‹‹ኢትዮጵያን ሄራልድ›› ጋዜጦች በአዘጋጅነት ሠርቷል። ከአብዮቱ በኋላም በኢትዮጵያ ዜና አገልግሎት በኃላፊነት ካገለገለ በኋላ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ እስከመሆን ደርሷል።

ይህ የሥራ ታሪክ ልቦለዶቹን ለመረዳት ቁልፍ ነው። በዓሉ ቀን መንግሥት እንዲነገር የሚፈልገውን የሚያዘጋጅ፣ ማታ ደግሞ መንግሥት እንዲነገር የማይፈልገውን የሚጽፍ ሰው ነበር። ከቦሩ ሜዳ ማግሥት ስለነበሩት ሰዎች ከላይ የተባለው እዚህ ላይ ቢታወስ ያለ ምክንያት አይደለም።

የመጀመሪያ ልቦለዱ ‹‹ከአድማስ ባሻገር›› በ1962 ዓ.ም ታተመ። ባለታሪኩ አበራ ወርቁ የተማረ፣ የመንግሥት ሥራ ያለው፣ ቤትና ደመወዝ የማይቸግረው ወጣት ነው። ነገር ግን ነፍሱ የምትሻው ሠዓሊነትን ነው። ቤተሰብ፣ ወዳጅና ማኅበረሰብ ከሚጠብቁበት ሰው ሌላ መሆን ይፈልጋል፤ ለመሆን ግን ወኔው ያንሰዋል። ልቦለዱን የሚያስኬደው ሽጉጥ ወይም ሤራ ሳይሆን ይህ ማመንታት ነው። በዚሁ ዓመት የዳኛቸው ወርቁ ‹‹አደፍርስ››ም ለኅትመት መብቃቱ 1962 ዓ.ም ለአማርኛ ልቦለድ የተለየ ዓመት እንዲሆን አድርጎታል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በደብረ ሲናና በአርማኒያ አካባቢ የተዋቀረው ‹‹አደፍርስ›› የሰዎችን ሐሳብ ከውስጥ እያስደመጠ የሚሄድ፣ ለአንባቢ የማይመች፣ ነገር ግን ታግሎ ለጨረሰው የሚክስ መጽሐፍ ነው። በዓሉ ከዳኛቸው የተለየው አንባቢውን ማታገል ባለመፈለጉ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ምልልሱ ፈጣን፣ ትረካው እንደ ጋዜጣ ዘገባ ጥርት ያለ ነው።

በ1966 ዓ.ም የወጣው ‹‹የሕሊና ደወል›› ሐዲስ ሣህሌ የተባለ ወጣት መምህር ወደ ኢሉባቦር ሄዶ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ትምህርት ቤት ለመሥራት የሚያደርገውን ጥረት ይተርካል። ደራሲው ይህንኑ ታሪክ ደግሞ አስፍቶና አሻሽሎ በ1975 ዓ.ም ‹‹ሐዲስ›› በሚል ርዕስ አሳትሞታል። በ1972 ዓ.ም የታተመው ‹‹የቀይ ኮከብ ጥሪ›› በአብዮቱ ዘመን ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ ከስድስቱ ልቦለዶች መካከል የዘመኑን መፈክር ይበልጥ የተሸከመው እሱ ነው ማለት ይቻላል።

በዚያው በ1972 ዓ.ም የወጣው ‹‹ደራሲው›› ግን ሌላ ዓይነት መጽሐፍ ነው። ሲራክ የተባለው ባለታሪክ ደራሲ ሲሆን፣ በአእምሮው ያለው ታሪክ በወረቀት ላይ አልሰፍር እያለ ያስቸግረዋል። መጻፍ ይፈልጋል፤ ለመጻፍ መኖር አለበት፤ ለመኖር ደግሞ ገንዘብ ያስፈልገዋል። የሲራክ መነሻ የበዓሉ የሥራ ባልደረባ የነበረው ደራሲ ስብሐት ገብረእግዚአብሔር እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። መነሻው ማንም ይሁን ማን፣ መጽሐፉ የሚያሳየው የፈጠራ ሰው ከራሱ ጋር ሲጣላ ምን እንደሚመስል ነው። ወንጀል የለበትም፤ ፖሊስም ሆነ ሰላይ አይታይበትም። ሆኖም ሰውዬው ከአእምሮው ጋር የገባው ግብግብ በምን ይፈታ ይሆን? የሚለው ጉጉት እስከ መጨረሻው አይለቅም። ሥነ ልቦናዊ ልብ አንጠልጣይ ለሚባለው ከበዓሉ ሥራዎች ሁሉ በንጽሕና የቀረበው ምናልባትም ይኸው ነው።

‹‹ኦሮማይ›› የተወለደው ከእውነተኛ ዘመቻ ነው። ወታደራዊው መንግሥት በ1974 ዓ.ም በኤርትራ ‹‹የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ›› የተባለውን እንቅስቃሴ ሲጀምር ዓላማው ሻዕቢያን ከሳህል ተራሮችና ከናቅፋ ምሽጉ አስለቅቆ ጦርነቱን ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ መደምደም ነበር። የአገሪቱ መሪና ከፍተኛ ባለሥልጣናት ወደ አስመራ ተዛወሩ፤ ወታደራዊው ዘመቻም ከልማትና ከፕሮፓጋንዳ ሥራ ጋር ተዳምሮ እንዲካሄድ ተደረገ። በዓሉም በዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ሥራ እንዲሳተፍ ወደ አስመራ ተላከ። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕይወት የተከፈለበት ዘመቻ ናቅፋን ሳይዝ ቀረ።

በልቦለዱ ውስጥ ታሪኩን በአንደኛ መደብ የሚተርከው ፀጋዬ ኃይለማርያም የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው። እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ከዘመቻው ሹማምንት ጋር ወደ አስመራ ይሄዳል። የተሰጠው ሥራ ዘመቻው እንዲታመንበት ማድረግ ነው። እዚያ ፊያሜታ ጊላይ ከተባለች የአስመራ ወጣት ጋር ፍቅር ይይዘዋል። በሌላ በኩል የሻዕቢያው ሰላይ ሥዕላይ በራኺ በከተማዋ ውስጥ መረቡን ዘርግቷል፤ የደኅንነቱ ኮሎኔል በትሩ ተሰማም እግር በእግር እየተከታተሉት ነው። ማደንና መታደን፣ መካካድ፣ ማን ከማን ጋር እንደሆነ አለማወቅ፣ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ የሚፈልገው ቅመም ሁሉ ተሟልቷል።

ይሁንና መጽሐፉ ሲወጣ አንባቢው አንድ ነገር አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ናቅፋ አልተያዘችም። በይፋ ባይነገርም ልጁን ወይም ወንድሙን ወደ ግንባር የላከ ሁሉ ያውቀዋል። ውጤቱ በታወቀ ዘመቻ ላይ ጉጉት መፍጠር አስቸጋሪ ነው። ደራሲው ችግሩን የፈታው ጥያቄውን በመለወጥ ነው። ናቅፋ ትያዛለች ወይስ አትያዝም? ሳይሆን፣ ፀጋዬ የሚያየውን እስከ መቼ እንዳላየ ይሆናል? የሚል ጥያቄ አስቀመጠ።

ፀጋዬ በአገሩ አንድነት ከልቡ ያምናል። ይህ መዘንጋት የለበትም፤ መጽሐፉ የተቃዋሚ በራሪ ወረቀት አይደለም። የሚያምን ሰው ግን የሹማምንቱን ሽኩቻ፣ የአንዳንዱን ቅንጦትና አድርባይነት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወጣቶች ተራራ ሥር ሲረግፉ ያያል። ያየውን በማግሥቱ በሌላ ቃል ለሕዝብ ያቀርባል። ትረካው በአንደኛ መደብ መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አንባቢው የሚነገረውን ዜናና ዜናውን የሚያዘጋጀውን ሰው ሐሳብ ጎን ለጎን ይሰማል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ምዕራፍ በምዕራፍ ሲሰፋ፣ ጭንቀቱም አብሮ ይሰፋል። ከጠላት ጥይት ይልቅ የራሱ ዝምታ የሚያስፈራ ይሆናል።

ፍቅሩም ከዚሁ የተለየ ሥራ የለውም። ሮማንና ፊያሜታ ሁለት ሴቶች ብቻ ሳይሆኑ ሁለት ከተሞች፣ ሁለት ታማኝነቶችም ናቸው። ፀጋዬ ከአንደኛዋ ወደ ሌላዋ ባዘነበለ ቁጥር ተጠራጣሪ ዓይኖች ይበዙበታል፤ እሱም ራሱን መጠራጠር ይጀምራል። መጨረሻው ምን እንደሆነ እዚህ መጻፍ ያላነበበውን ሰው መበደል ስለሚሆን ይለፍ።

ጠላት የሚባለው ወገን የተሳለበት መንገድም በወቅቱ ያልተለመደ ነበር። ሥዕላይ በራኺ ጭራቅ ተደርጎ አልቀረበም። የሚያስብ፣ የሚያቅድ፣ ላመነበት ነገር የሚሞት ሰው ነው። በመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ‹‹ወንበዴ›› ከሚለው ቃል ሌላ ስም ለማይሰጠው ወገን፣ በመንግሥት ከፍተኛ ኃላፊ ብዕር ሰውነት ሲሰጠው ምን ዓይነት ድንጋጤ እንደሚፈጥር መገመት አያዳግትም። የመንግሥት ወገን የሆኑት ገጸ ባሕርያት ደግሞ ከሚታወቁ ባለሥልጣናት ጋር እጅግ የተመሳሰሉ በመሆናቸው አንባቢው ‹‹ይህ እገሌ ነው፣ ያ ደግሞ እገሌ›› እያለ ሰምና ወርቁን ለመለየት አልተቸገረም። የተነኩትም ራሳቸውን ለመለየት አልተቸገሩም።

በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የታተመው መጽሐፍ ለገበያ ከዋለ ብዙም ሳይቆይ እንዲሰበሰብ ተደረገ። በዓሉም ከሥራው ተነሳ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም ምሽት ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ በቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። ባለቤቱና ልጆቹ አስከሬን ተቀብለው የመቅበር ወግ እንኳ አላገኙም።

በዚያው በ1976 ዓ.ም በወሎና በትግራይ ረኃብ እየበረታ ነበር። መንግሥት የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በዓል ለማክበር በሚዘጋጅበት ወቅት የረኃቡ ወሬ በአገር ውስጥ መገናኛ ብዙኃን በሚገባው መጠን እንዳይነገር መደረጉ ይታወሳል። በኮረም የተሰበሰበው ሕዝብ ሥቃይ ዓለምን ያስደነገጠው በውጭ አገር ቴሌቪዥን በጥቅምት 1977 ዓ.ም ከታየ በኋላ ነው። ፀጋዬ ኃይለማርያም በልቦለዱ ውስጥ የሚጨነቅበት የማየትና የመናገር ጉዳይ ለወሎ ሕዝብ የልብ ወለድ ጨዋታ አልነበረም።

ከዚያ በፊት በ1965 እና 1966 ዓ.ም የደረሰው የወሎ ረኃብ በልቦለድ የተያዘው በሌላው ጋዜጠኛ ደራሲ በብርሃኑ ዘርይሁን ነው። የ‹‹ማዕበል›› ሦስት ቅጾች የመጀመሪያው የሆነው ‹‹የአብዮት ዋዜማ›› በዚያ ረኃብ ላይ ተመሥርቷል። ብርሃኑ በ1956 ዓ.ም ያወጣው ‹‹አማኑኤል ደርሶ መልስ›› ደግሞ ከርዕሱ ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚገኘውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የሚያስታውስ ሲሆን፣ የአማርኛ ልቦለድ የአእምሮን ጤንነትና ሕመም መመልከት የጀመረው ከበዓሉ በፊት እንደነበር ያሳያል።

ከወሎ የተገኘው ማሞ ውድነህም በዚህ ጉዳይ ሳይነሳ የሚታለፍ አይደለም። በቀድሞው የወሎ ክፍለ ሀገር በዋግ የተወለደው ማሞ ከወጥ ሥራዎቹ በተጨማሪ በደማስቆ ተይዞ ስለተሰቀለው እስራኤላዊ ሰላይ የሚተርከውን ‹‹የኛ ሰው በደማስቆ››ን የመሳሰሉ የስለላ መጻሕፍትን ወደ አማርኛ በመመለስ ለዘርፉ ሰፊ አንባቢ አፍርቷል። ‹‹ኦሮማይ›› ሲወጣ የሰላይን ታሪክ እንዴት እንደሚያነብ የሚያውቅ፣ ፍንጭ መልቀም የለመደ አንባቢ የጠበቀው በከፊል በእነዚህ ትርጉሞች ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2001 ዓ.ም የወጣው የይስማዕከ ወርቁ ‹‹ዴርቶጋዳ››ም ያገኘው አቀባበል የልብ አንጠልጣይ ፍቅር በአማርኛ አንባቢ ዘንድ እንዳልቀነሰ አመልክቷል። ልዩነቱ ‹‹ዴርቶጋዳ›› ምስጢሩን በገዳማትና በቴክኖሎጂ ውስጥ ሲሸሽግ፣ በዓሉ በሰው ልብ ውስጥ መሸሸጉ ነው።

የተሰበሰበው መጽሐፍ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ከመሰብሰቡ በፊት የተሸጡት ቅጂዎች በሌላ ነገር ተሸፍነው ከእጅ ወደ እጅ በምስጢር ይዘዋወሩ ነበር። አንድን ልቦለድ ለማንበብ በር መዝጋት የሚያስፈልግ ከሆነ፣ አንባቢው ራሱ ከልቦለዱ ገጸ ባሕርያት እንደ አንዱ ይሆናል። ባነበበውና በሚናገረው መካከል መጋረጃ ይሰቅላል፤ ‹‹አንብበኸዋል?›› ሲባል እንደ ጠያቂው ማንነት ይመልሳል። መጽሐፉ በአደባባይ ዳግም ለመሸጥ የበቃው ከ1983 ዓ.ም የመንግሥት ለውጥ በኋላ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ ታትሟል። የደራሲውን ሕይወትና ሥራዎች የሚመለከት መጽሐፍም በደራሲ እንዳለጌታ ከበደ ተዘጋጅቶ ለአንባቢ ቀርቧል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2025 ደግሞ ‹‹ኦሮማይ›› በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተርጓሚነት በእንግሊዝኛ ታትሞ በብሪታንያና በአሜሪካ ለገበያ ቀርቧል። ስለ ዘመቻው የማያውቅ የውጭ አገር አንባቢ መጽሐፉን የሚያነበው ከ1975ቱ ኢትዮጵያዊ አንባቢ በተለየ መንገድ መሆኑ አይቀርም። ለእሱ የናቅፋ ውጤትም ራሱ ምስጢር ነው፤ የባለሥልጣናቱም ማንነት ከስም በላይ ትርጉም አይሰጠውም። የሚቀርለት ፀጋዬና ጭንቀቱ ናቸው።

ተርጓሚዎቹ ርዕሱን አልተረጎሙትም። ‹‹ኦሮማይ›› ከጣሊያንኛ ወደ ትግርኛ ገብቶ በአስመራ የተለመደ ቃል ሲሆን፣ ‹‹አበቃ››፣ ‹‹ከእንግዲህ ወዲያ ዋጋ የለውም››፣ ‹‹አለቀ ደቀቀ›› እንደማለት ነው። በዓሉ ቃሉን ለአማርኛ አንባቢ እንዳለ አቅርቦት እንደነበር ሁሉ፣ የእንግሊዝኛው ቅጂ ሽፋንም ይኸንኑ ቃል ይዟል።